በብር ላይ የቀሩ ፊቶች

ከሂንዱ ኩሽ ተራሮች በስተሰሜን፣ በአሙ ዳርያ ወንዝ ግራና ቀኝ በምትገኘው በጥንታዊቷ ባክትርያ፣ የእስክንድር ዘመቻ ትቷቸው የሄደ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ገደማ በዲዮዶቶስ መሪነት የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። የዚህ መንግሥት ታሪክ በመጽሐፍ የተረፈው በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። በዚያና ኋላም በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከነገሡት ወደ አርባ የሚጠጉ ነገሥታት መካከል የአብዛኞቹን ስም የትኛውም የጥንት ደራሲ አላነሳውም። ለመኖራቸው ምስክሩ ያስመቱት ገንዘብ ነው።

ከነዚህ ገንዘቦች ዋነኛው አራት ድራክማ የሚያወጣው፣ ክብደቱ ወደ 17 ግራም የሚጠጋው ብር ነበር፤ በእኛ ጠገራ ብር ሲመዘን ከግማሹ ጥቂት ይበልጣል። ቀራጺው የንጉሡን መልክ በማተሚያው ብረት ላይ ወደ ውስጥ ጎድጉዶና ግራ ቀኙን አዛውሮ ይቀርጻል። ከዚያም ብሩ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ገብቶ በመዶሻ ይመታል። በዚህች ጠባብ ሥፍራ የተሠራው ሥራ ግን የሚያስደንቅ ነው። የሶርያው ንጉሥ ሣልሳዊ አንጥዮኮስ በባክትራ ከተማ ከብቦት ለሁለት ዓመት ያህል የተቋቋመው ኤውቲዴሞስ፣ በመጨረሻዎቹ ብሮቹ ላይ ጉንጩ የከበደ፣ አንገቱ የወፈረ ሽማግሌ ሆኖ ይታያል። ማንም አላሳመረውም። አንቲማኮስ ደግሞ ጠፍጣፋ የመቄዶንያ ባርኔጣውን ደፍቶ በከንፈሩ ዳር ፈገግ ይላል፤ በጀርባው በኩል ያለው ጽሑፍ ግን «አምላክ» ይለዋል። ጽሑፉ አምላክ ሲያደርገው ፊቱ ሰውነቱን አልደበቀም። ምናልባት ሁለቱንም የቀረጸው ያው አንድ እጅ ይሆናል! ቀራጺዎቹ ግን ስማቸውን አልተዉልንም።

ተራራው ከታለፈ በኋላ ገንዘቡ ሁለት ቋንቋ መናገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአይ ኻኑም ፍርስራሽ ውስጥ ከተገኙት የአጋቶክሌስ ብሮች ላይ የሕንድ አማልክት በአንድ ወገን ከግሪክኛ፣ በሌላው ከብራህሚ ጽሑፍ ጋር ተቀርጸው ይታያሉ። የሜናንድሮስ ብር ደግሞ ግሪክኛና የኻሮሽቲ ጽሑፍ ይዟል፤ ጄምስ ፕሪንሴፕን የመሰሉ ሊቃውንት በ1830ዎቹ የኻሮሽቲን ፊደል መፍታት የቻሉት የነገሥታቱን ስም በሁለቱ ፊደላት እያስተያዩ ነው። የግሪክ ፊደል ከግሪክ ነገሥታት በኋላም በተተኪዎቹ በኩሻኖች ወርቅ ላይ ቀጠለ። ከነዚህ የኩሻን ወርቆች ከመቶ በላይ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ፣ በደብረ ዳሞ መገኘታቸው ገንዘቡ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1946 ከቁንዱዝ ከተማ በስተሰሜን ከ600 በላይ የብር ገንዘቦች በአንድ ላይ ተገኙ። ከመካከላቸው አምስቱ ንጉሥ አሚንታስ ያስመታቸው ባለ ሃያ ድራክማዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሦስት ጠገራ ብር ያህል ይመዝናሉ፤ ግሪኮች ካስመቱት የታወቀ ብር ሁሉ ትልቆቹም እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ የክምችቱ ዋጋ በትልቅነታቸው አልነበረም። አብረው የተቀበሩ ገንዘቦች ማን ከማን በኋላ እንደ ነገሠ ይጠቁማሉ፤ ከጎረቤቱ የተለየ ብር ግን ቆንጆ ፊት ከመሆን አያልፍም።

ክምችቱ በካቡል ሙዚየም ተቀመጠ፤ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንትም አጥንተው በ1965 በመጽሐፍ አሳተሙት። ከ1992 በኋላ በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ሙዚየሙ በሮኬት ተመታ፤ ብሮቹም ተዘረፉ። ዛሬ የቁንዱዝን ነገሥታት አንድ ላይ ተሰብስበው ለማየት የሚሻ ሰው የሚያገኛቸው በዚያ መጽሐፍ የፎቶግራፍ ገጾች ላይ ነው።