ድንጋይ የጨረሰ ድምፅ

አማርኛ ደረቁን ባትሪ «ድንጋይ» ይለዋል፤ ስሙ ክብደቱን አልደበቀም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ካሴት ሸክላን እየተካ ሲሄድ ከጃፓን የመጡት ትልልቅ ቴፖች ስምንት፣ አንዳንዶቹም አሥር ትልልቅ ድንጋይ ይጎርሱ ነበር። አንዱ 1.5 ቮልት ነውና አሥሩ ሲደረደሩ 15 ይሆናሉ። መብራት ባልገባበት ቤት ይህ ትልቅ ወጪ ነው። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጎኑን በጥርስ መንከስ፣ ካሴቱን በእስክሪብቶ ማጠንጠን ሁሉ ከዚያ ቁጠባ የመጣ ነው።

ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና አካባቢ የሚኖር አንድ የጎንደር ሰው፣ ሙያው አናጢነት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን እንዲህ ያለ ቴፕ በድሪሉ ባትሪ ያጫውታል። ዘዴው የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ አሮጌ ቴፕ የሚወዱ ብዙዎች ደርሰውበታል። «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ በውስጡ አምስት የሊትየም ሴሎች የተቀጣጠሉበት ነው፤ ሲሞላ 21፣ በሥራ ላይ 18 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ለ15 ቮልት ከተሠራ ቴፕ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ሊያቃጥለው ስለሚችል መሀላቸው ቮልት የምታወርድ ትንሽ ሰሌዳ ትገባለች። ፊውዝም ግድ ነው፤ ሽቦው ቢነካካ እሳት ለማስነሳት አያንስም። የሚረሳው ነገር ደግሞ አንዳንዱ ባትሪ ሲደክም ራሱን የማይዘጋ መሆኑ ነው። የሚዘጋው ድሪሉ ነው። ቴፑ ይህን አያውቅም፣ ሴሎቹ እስኪሞቱ ይጠባል። (አጭር ሞገድ ማዳመጥ የሚፈልግም አይቸኩል፤ ሰሌዳዋ የምትረጨው ጫጫታ ጣቢያውን ይውጠዋል።)

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የሰደድ እሳት ስጋት የኦክላንድን ኮረብታዎች ጨምሮ በሰሜን ካሊፎርኒያ መብራት ባስቆረጠ ጊዜ እንዲህ ያለው ዝግጅት ቁም ነገር ነበረው። አናጢው ግን የደከመው ለአንዲት ካሴት ነው።

በደርግ ዘመን ለተሰደደ ሰው ካሴት ደብዳቤ ነበር፤ በተለይ መጻፍ ለማይችሉ እናቶች። የእሱም እናት የላኩለት በድንጋይ በሚሠራ ቴፕ የተቀዳ ነው። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እንዲሄድ ታስቧል። የመቅጃው ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ያ ክር በኋላ ሙሉ ጉልበት ባለው ማጫወቻ ሲሰማ ድምፁ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ሰላምታው ላይ የሚሰሙት አንድ ትልቅ ሴት ናቸው። የጎረቤት ወሬው ላይ ልጃገረድ ይሆናሉ። ምርቃቱ ጋ ሲደረስ የወፍ ጫጫታ ነው። በድሮ ድንጋይ ሲያጫውተው የሁለቱ ቴፖች ድካም አንዳንዴ ይገጣጠም ነበር፤ የማይደክመው የድሪል ባትሪ ግን ያን የሩቅ ቤት እጦት ገልጦ አሰማው።

ልጆቹ «በኮምፒውተር ይስተካከላል» ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው። ለትክክለኛነት ከሆነ ኮምፒውተሩ ያሸንፋል፤ የእሱ መንገድ ግን ድምፁን ከማስተካከል ይልቅ የዚያን ቀን ድንጋይ አብሮ ማድከም ነው። ምርቃቱ ሲቃረብ ሰሌዳዋ ላይ ያለችውን ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይዘገያል፣ ድምፁም ወፍሮ ወደ እናቱ ይመለሳል። ማጉያውም አብሮ ስለሚዳከም ጆሮውን ማስጠጋት አለበት።