ቆሮንቶስ ላይ ትዝ ያለኝ የዶሮ ወጥ

ባለቤቴ በአቴንስ ለሚኖሩ ወገኖች ቃል እንዲያካፍል ሲጋበዝ እኔም አብሬው የመሄድ ዕድል አገኘሁ። ጉባኤው እንዳለቀ አንድ ወንድም በመኪናው ወደ ጥንቷ ቆሮንቶስ ወሰደን። ከአቴንስ ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመንገዳችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተውን የቆሮንቶስ ቦይ ከድልድይ ላይ ሆነን ቁልቁል አየነው። በጳውሎስ ዘመን ቦዩ አልነበረም፤ ዕቃው በየብስ እየተጓጓዘ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ስለዚህ ከተማይቱ የነጋዴ፣ የመርከበኛና የብዙ አማልክት መናኸሪያ ነበረች።

ከሩቅ የሚታዩት የአፖሎ ቤተ ጣዖት 7 ዓምዶች ናቸው። ሮማውያን ከተማይቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 አፈረሷት፤ በ44 ደግሞ ዩልዮስ ቄሣር እንደገና አቋቋማት። ጳውሎስ በጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ ወንበር (ሐዋ. 18፡12) ፍርስራሹ ዛሬም አለ። ባለቤቴ እዚያ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር።

በሙዚየሙ ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ እጆች፣ እግሮችና ጆሮዎች ተደርድረዋል። ሕመምተኞች አስክሊፒዮስ ለተባለው የፈውስ ጣዖት የሰጡት ስእለት ነው። ከጣዖቱ ቤት አጠገብ 3 የመብል ክፍሎች በቁፋሮ ተገኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው 11 ሰው በማዕድ የሚያስቀምጡ ናቸው። በዚያ ዘመን በቤተ ጣዖት አዳራሽ ወዳጅ ዘመድ መጋበዝ የተለመደ ነበር። ጳውሎስ በ1ቆሮ. 8፡10 የጻፈው እንዲህ ባለ ማዕድ ስለ ተቀመጠ አማኝ ነው። ይህን ሳሰላስል አንድ የዶሮ ወጥ ትዝ አለኝ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። የአከራያችን ልጅ ጌታን ከተቀበለች ሦስት ወር አልሞላትም። እናቷ ነገሩን እያወቁ ዝም ብለው ነበር፤ እንዲያውም ቡና ሲያፈሉ ይጠሩንና ቃሉን ስናወራ ይሰሙን ነበር። ዐቢይ ጾም ላይ እንግዶች መጡብንና ዶሮ ሠራሁ። ልጅቱ ለሰላምታ ብቅ ስትል ወደ ማዕድ ጎተትኳት። “አይ እትዬ፣ ይለፈኝ” አለች። እኔም በእንግዶች ፊት እየሳቅሁ፣ “ምነው፣ አንቺ ገና ከሕግ አልወጣሽም እንዴ?” አልኳት። አፍራ ጎረሰች።

ማታ ባለቤቴ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት። “ጌታ ይቀየመኝ ይሆን?” አለችው። እርሱም ወደ ቤት ገብቶ፣ “ወጡ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ልጅቱን ለምን አስጨነቅሻት?” አለኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ምሩቅ አይደለሁ? ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደርድሬ መለስኩለት። ልጅቱ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ኅብረት አልመጣችም። ወሬው የደረሳቸው እናቷም ለቡና መጥራታቸውን ተዉ።

ወገኖቼ፣ ጳውሎስ በእውቀት ከእኔ ጋር ይስማማ ነበር። ጣዖት ከንቱ ነው፤ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል (1ቆሮ. 10፡25)። ይሁን እንጂ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ለዘላለም እንደማይበላ ጽፏል (8፡13)። በጣዖት ማዕድ ላደገ ሰው ያ ቁራሽ ተራ ምግብ አልነበረም፤ ሕሊናው እየከሰሰው ይበላ ነበር። እኔም ለዚያች ልጅ ያስተማርኳት ነፃነትን ሳይሆን ሕሊናዋን ረግጣ ማለፍን ነበር።

“ታዲያ ይህ ወደ ባርነት መመለስ አይደለም ወይ?” የሚል ይኖራል። የጳውሎስን አካሄድ እንመልከት። ቲቶ ካልተገረዘ ብለው ለያዙት ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተበገረም (ገላ. 2፡3-5)። ጢሞቴዎስን ግን በዚያ አገር ስላሉ አይሁድ ብሎ ራሱ ገረዘው (ሐዋ. 16፡3)። የወንጌል እውነት ሲነካ ጸና፤ የሰው ነፍስ የምትጠቀም ሲሆን ግን መብቱን ተወ። መብትን መተው የሚችለውም መብት ያለው ሰው ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንደተመለስን ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ወደ ኅብረት ተመልሳለች፤ ክብር ለጌታ ይሁን። ይቅርታ ስጠይቃት፣ “እትዬ፣ ወጡማ ተረስቶኛል። የሳቁት ሳቅ ግን አልተረሳኝም” አለችኝ። እናቷ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከእርሳቸው ጋር ዳግመኛ ቡና ላይ አልተቀመጥንም።

አሁን በጾም ወራት የሚጾም ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤታችን ሲመጣ ሽሮና ምስር ይቀርባል፤ እኛም አብረን እንበላለን። ያስገደደን የለም። ባልና ሚስት የሆናችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ይህን አብራችሁ ተነጋገሩበት፦ ወደ ቤታችን ማን ይገባል? በእምነቱ ገና ጨቅላ የሆነው ማን ነው? ስለ እርሱ ብለን በደስታ የምንተወውስ ምንድን ነው? ባለቤታችሁ “ለምን አስጨነቅሻት?” ሲላችሁም እንደ እኔ ጥቅስ ለመደርደር አትቸኩሉ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።