የአባ ጅፋር ክረምትና የሚዛን አጥቂዎች

ክረምት ሲገባና የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት የእኛ አካባቢ ወሬ አንድ ነው፤ አጥቂ። ሚዛን አማን ቡና ቤት ተቀምጠህ፣ ቴፒ መናኸሪያ መኪና ስትጠብቅ፣ ቦንጋ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎህ በረንዳ ስር ቆመህ የምትሰማው ይኸው ነው። "አምና ያገባልን ልጅ ፈርሞ ሄደ አሉ፤ ማንን እናምጣ?" አንዱ ከአዲስ አበባ ይምጣ ይላል፣ ሌላው የውጭ ዜጋ ካልሆነ አይሆንም ይላል፣ ሦስተኛው በቴሌግራም ያየውን ስም ይጠራል። ስለ ተከላካይ የሚጨነቅ ሰው አላጋጠመኝም። ግብ ጠባቂማ ከነጭራሹ አይነሳም፣ እስኪቆጠርብን ድረስ።

እኔ ግን ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ጅማ ይሄዳል። የቡና አገር ክለብ የፊት መስመሩን ሲገነባና ሲያጣ ምን እንደሚመስል ከጅማ አባ ጅፋር የበለጠ የሚያሳይ የለምና።

ነገሩን እናስታውስ። በ2009 ዓ.ም መጨረሻ ጅማ ላይ አንድ ክለብ ወረደ፣ አንድ ክለብ ወጣ። አባ ቡና ፕሪሚየር ሊጉን በአንድ ዓመት ቆይታ ሲሰናበት፣ ጅማ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አደገ። አዳጊው ክለብ ስሙን ወደ አባ ጅፋር ቀየረ፣ አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌን ያዘ፣ ፊት ላይ ናይጄሪያዊውን ኦኪኪ አፎላቢን አስፈረመ። ከዚያ የሆነውን እዚህ አካባቢ ያለ የኳስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባደገበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም፣ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ያውም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ በግብ ልዩነት በልጦ። ኦኪኪ በ23 ግብ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ዋንጫው በግብ ልዩነት ሲመጣ የአጥቂው ድርሻ በግምት የሚወራ ነገር አይደለም፤ ተደምሮ ሰንጠረዡ ላይ ተጽፏል።

ያንን ዋንጫ የእኛም ዋንጫ አድርገን ነበር የተቀበልነው። ጅማ የኦሮሚያ ናት፣ ሚዛን ያኔ በደቡብ ክልል ስር ነበረች፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፣ ቡናውም አንድ ነው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጅማን ሳይረግጥ አያልፍም።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ኦኪኪ ወደ ግብጽ፣ ወደ ኢስማኢሊ ሄደ። ገብረመድኅን ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ክለቡ በአንድ ክረምት ያጣው ግብ አግቢውን ብቻ አይደለም። ለግብ አግቢው ሳጥን ውስጥ በምን ሰዓት፣ በየትኛው መስመር፣ ከማን እግር ኳስ እንደሚደርሰው ያቀናበረውን ሰውም አብሮ አጣ። አሰልጣኙ በሄደበት በ2011 ዓ.ም ከመቐለ ጋር ዋንጫውን ደገመው፤ የዚያ ዓመት ኮከብ ግብ አግቢም የመቐለው አማኑኤል ገብረሚካኤል ነበር፣ በ18 ግብ። ሙያው ከሰውየው ጋር ተጉዞ ሌላ አጥቂ ላይ ሠራ ማለት ነው። ጅማ የቀረው ዋንጫውና ደጋፊው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አባ ጅፋር ወዲያው አልፈረሰም። በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊን ማሸነፍ ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ትልልቅ ክለቦች ሳያሸንፉት ኖረው ያልፋሉ። ግን በድምር ውጤት አንድ ግብ ጎደለው። አንድ! ያኔ ሁላችንም በአንድ አፍ "ኦኪኪ ቢኖር" አልን። ይህ አባባል ለደጋፊ ይፈቀዳል። ክለብ የሚመራ ሰው ግን "ቢኖር" ብሎ መቆም የለበትም፤ እንደሚሄድ እያወቅን በዋንጫው ዓመት ከጎኑ ማንን አሳደግን ብሎ ራሱን መጠየቅ ነበረበት። በ2014 ዓ.ም አባ ጅፋር ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት።

አጥቂው ሄደ ብዬ ማንንም አልወቅስም። ተጫዋች የተሻለ ክፍያ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ዕድሜው አጭር ነው፣ ቤተሰብ አለው። የማነሳው ነገር ሌላ ነው። የእኛ ክለቦች አጥቂ የሚገዙበት መንገድ ራሱ በዓመቱ መጨረሻ ባዶ እጅ የሚያስቀር ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ልጁ በደንብ ከተጫወተ ዓመቱ ሲያልቅ ነጻ ነው፣ የሚወስደው ክለብ ለእኛ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ካልተጫወተ ደግሞ የከፈልነው ገንዘብ ከስሯል። በሁለቱም በኩል ከሳሪው ክለቡ ነው።

በጀቱም አለ። ከዞንና ከከተማ አስተዳደር በሚመጣ ብር የሚኖር ክለብ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ካልገባ፣ ከዚያም ምክር ቤት ካላጸደቀ እጁ አይፈታም። ብሩ ሲለቀቅ ጥሩ ጥሩዎቹ አጥቂዎች ሌላ ቦታ ፈርመዋል። የቀረው ገበያ ውስጥ ደግሞ ወኪሉ ያመጣውን ቪዲዮ አይቶ መፈረም ነው። ቪዲዮ ላይ ኳስ የሳተ አጥቂ አይቼ አላውቅም። በ2011 ዓ.ም ክረምት የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲቀመጥ ጥቂት ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ትንንሾቹ ክለቦች ቢያንስ በዋጋ አይበለጡም ብዬ። ጣሪያው ግን ቁጥሩን እንጂ ልማዱን አልነካም።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ቡናውን አቡበከር ናስርን አስቡ። እዚህ በበቃና ቴፒ ያለ የቡና ሠራተኛ ግማሹ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው፤ ስሙ ይጎትተዋል። አቡበከር በ2013 ዓ.ም 29 ግብ አገባ። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም ደደቢት እያለ 25 አግብቶ የያዘውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከጌታነህ በፊት ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም ያስመዘገበው 24 ነበር። ግን ያ 29 ግብ በአንድ ክረምት ተገዝቶ የመጣ አይደለም። ልጁ ክለቡ ውስጥ ዓመታት ቆይቷል፣ አሰልጣኝ ካሣዬ አራጌ ሲመጣም አግኝቶት ኳስ ይዞ በሚጫወተው ቡድን መሐል አብሮ አድጓል። መሀል ሜዳው ኳሱን የት እንደሚያስቀምጥለት ያውቃል፣ እሱም ኳሱ ሳይነሳ ሩጫውን ይጀምራል። ከዚያም በ2014 ዓ.ም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጠ። ተሸጠ የሚለውን ልብ በሉልኝ። ውሉ ስላለቀ አልሄደም። ቡናም እንደሱ ያለ ሰው እስካሁን ተክቷል ለማለት ይከብደኛል፤ ግን ቢያንስ ሲሄድ ለክለቡ ገንዘብ ትቶ ሄዷል።

የእኛ ገበሬ ይህን ከክለብ አመራሮች በተሻለ ያውቀዋል። ቡናው ሲያረጅና ምርቱ ሲቀንስ ጉንደላ ያደርጋል። ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ሲወጣ ጥቂቶቹን ለይቶ ያስቀርና ሌላውን ያነሳል። እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህም ማሳውን በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፤ ዘንድሮ ይሄን ረድፍ፣ ከርሞ ያንን። የቀረው እያፈራ ቤቱን ያኖራል። እኛ ዘንድ አዲስ አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ሙሉ ማሳው ይቆረጣል። አሥራ አምስት ተጫዋች ወጣ፣ አሥራ ስድስት ገባ ይባልና ደጋፊው ያጨበጭባል። አንድ ቡና ሰብሳቢ ጋሼ አምና ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ "እኛ የምንቆርጠው ሥሩን አይደለም፣ እናንተ ግን ሥሩን ነቅላችሁ ቡቃያ ትጠብቃላችሁ" አሉኝ።

አሁን ወደ ሜዳው። ሐምሌ ውስጥ ሙከራ ሲደረግ ቆሜ አይቻለሁ፣ የክለቡን ስም አልጠራም። የሚዛን ዝናብ የታወቀ ነው፤ ጠዋት የጀመረው ዘጠኝ ሰዓትም እየዘነበ ነው። ከሩቅ የመጡት አጥቂዎች ንጹሕ መለያ ለብሰው ከተከላካዩ ጀርባ ይሮጣሉ፣ ኳሱ ግን ጭቃው ውስጥ ሲገባ ይቆማል፣ እነሱ አልፈውት ይሄዳሉ። ዞረው ሲመለሱ ተከላካዩ ደርሷል። ከሸይ ቤንች በኩል የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ሮጦ ሮጦ ኳሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ግማሽ እርምጃ ይቀንሳል። አይቸኩልም። ኳሱ እንደሚቆም ያውቃል፣ ያደገበት ሜዳ ነው። ሰውነቱን በተከላካዩና በኳሱ መሐል አስገብቶ በግራ እግሩ ጎትቶ ያወጣታል። ሁለት አገባ። በኋላ ስም ሲነበብ ግን የለም። "ልምድ የለውም" ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ጭቃ ላይ መጫወት ብቻውን አያስፈርምም። ከፍተኛ ሊጉ አሁን አሁን በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ ስለሚካሄድ የእኛዎቹ ቤንች ማጂ ቡናም ሆነ ካፋ ቡና አብዛኛውን ጨዋታቸውን የሚያደርጉት ከቤታቸው ርቀው ነው፤ ሜዳው ደረቅ፣ ጨዋታው ፈጣን ነው። አሰልጣኙ ይህን አስቦ ከሆነ ልክ ነው። ግን ፍጥነት በስድስት ወር ልምምድ ይሻሻላል። ኳስ የት እንደምትቆም ቀድሞ ማወቅ በየትኛውም ሜዳ ይጠቅማል፣ በስድስት ወርም አይገኝም።

የሩቅ ውድድሩ ሌላም ነገር አምጥቷል። ደጋፊው ቡድኑን አያይም። ውጤቱን በስልክ ነው የምንሰማው፤ ማን እንዳገባ እንጂ ማን እንዳቀበለ አይጻፍም። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ የምንጮኸው ለአግቢው ብቻ ነው፣ ክለቡም የእኛን ጩኸት ሰምቶ አግቢ ይገዛል። ከመስመር እየሮጠ ያሻግርለት የነበረው ልጅ ዝም ብሎ ይለቀቃል። የአዲሱ አጥቂ ጉድ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። አሥር ጨዋታ ሙሉ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ የማይመጣ ኳስ ይጠብቃል፣ እኛም "ይሄ ምን አጥቂ ነው" እንላለን።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል በ2014 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ አንድ ጠንካራ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ይኑረን የሚል ሐሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ። ይሁን፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን አባ ጅፋር በአንድ ዓመት ወጥቶ ዋንጫ እንደበላ እኛም እንብላ የሚለውን አልፈልግም። ለዘንድሮ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ከአምናው የፊት መስመር ቢያንስ ሁለቱ ይቆዩ፣ ያውም አንዱ ኳስ አሻጋሪው ይሁን። ከውጭ የሚመጣ አጥቂ ካለ አንድ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ዓመት ይፈርም። ከጎኑ ከየኪ፣ ከጉራፈርዳ፣ ከሸይ ቤንች የተገኘ አንድ ልጅ ይቀመጥ፤ በጨዋታ ሃያ ደቂቃ እንኳ ይሰለፍ። አሰልጣኙም ቢሸነፍ እስከ ሚያዝያ ድረስ አይባረር።

የተመራጮቹ ዝርዝር የሚወጣው ከጳጉሜን በፊት ነው ይላሉ። ያ ግራ እግረኛ የሸይ ቤንች ልጅ ዘንድሮም ለሙከራ መጥቷል፣ ትከሻው ሰፋ ብሏል።