ስንት ቀረህ?

አንባቢ ሆይ፣ አለማወቅህን መግለጽ አሳፍሮህ «ገብቶኛል» ያልኸበት ጊዜ አለን? እኔ መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼ ያልገባቸውን ገብቶናል ሲሉኝ እቆጣ ነበር። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጥፋት ከባሕር ውስጥ እኔው ራሴ ፈጸምሁት።

ስፍራው በጂቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚገኘው የሙሻ ደሴት ዳርቻ ነው። በጀርባዬ ያዘልሁት ሲሊንደር 12 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ በ200 ባር ግፊት የታመቀበት አየር በውጭ ቢለቀቅ 2,400 ሊትር ያህል ይሆናል። ሰው በየብስ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ ለ2 ሰዓት ይበቃዋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግን ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን ያው አየር ከ1 ሰዓት አያልፍም። የፈራ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከዚህም ፈጥኖ ያልቅበታል። ስለዚህም መሪዬ፣ «መለኪያህን ዘወትር ተመልከት፤ 100 ሲደርስ ንገረኝ፤ 50 ሲቀርህ ከውኃው በላይ መገኘት አለብን» ሲል አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር።

ከባሕር በታች ንግግሩ በእጅ ምልክት ነው። 10 ሜትር ያህል ጠልቀን ሳለን፣ መሪዬ መለኪያዬን በጣቱ እያመለከተ ስንት እንደ ቀረኝ ጠየቀኝ። ባየው 70 ይላል። አየሩን ፈጥኜ መጨረሴ አሳፈረኝና አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አገናኝቼ «ደኅና ነኝ» አልሁት። ዓሦቹን ስመለከት ጥቂት ቆይቼ ዳግመኛ ባየሁ ጊዜ ግን መርፌው 40 ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ኩራቴ ጠፋ፤ መለኪያውን አሳየሁት። እርሱም ክንዴን ይዞ በዝግታ ወደ ላይ ወሰደኝ። ትንፋሽን አፍኖ መውጣት ሳንባን ሊቀድ ስለሚችል መተንፈሴን አላቋረጥሁም። 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆይተን ስንወጣ የቀረኝ 20 ባር ብቻ ነበር።

ጀልባው ላይ እንደ ተቀመጥን መሪዬ አልተቆጣኝም። «እኔ የጠየቅሁህ ስንት እንደ ቀረህ ነበር፤ አንተ ግን ደኅና ነኝ አልኸኝ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ መለኪያ አያፍርም፤ ያለውን ይናገራል። ያየኸውን ለጓደኛህ በእውነት ካልነገርኸው ግን መለኪያው ብቻውን አያድንህም። እኔም «ገባችሁ?» እያልሁ ተማሪዎቼን መጠየቄ ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ልጠይቃቸው የሚገባኝ «ያልገባችሁ ምን ቀረ?» ብዬ ነበር።