አገሩን የሚናገር ፍሬ፦ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር

ከደሴ ተነስቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ሎጎ ሐይቅን አይቶና አድንቆ ያልፋል። ከሎጎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ግን ታናሹ ሐይቅ አርዲቦ በተራሮች ተከቦ ተኝቷል። ውኃውም ቁልቁል እየወረደ ታላቁን ይመግባል።

ይህን ውበት ያየ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። በዚህ አካባቢ የሚለማው ፍራፍሬ በጆንያና በቅርጫት ተጭኖ ገበያ ሲወርድ የመጣበትን አገር የሚናገርለት ጽሑፍም ሆነ ሥዕል የለውም። ገዢው «ኪሎው ስንት ነው?» ይላል፤ ይመዝናል፤ ይሄዳል።

በሌላው ዓለም ፍሬ አገሩን በሥዕል የተናገረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ብርቱካናቸውን በእንጨት ሣጥን አሽገው በባቡር ወደ ሩቅ ከተሞች ይልኩ ነበር። ገዢው ከብዙ ሣጥኖች መካከል የእነርሱን እንዲለይ በሣጥኑ ጎን ላይ ባለ ሥዕል ወረቀት ይለጥፉ ጀመር። ሥዕሉ በድንጋይ ላይ ተሠርቶ እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ ይታተም ነበር። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የብርቱካን እርሻ፣ ወፍና አበባ ደምቀው ይታዩበታል። በ1950ዎቹ የካርቶን ሣጥን እንጨቱን ሲተካ ወረቀቱም ቀረ። በየመጋዘኑ ተረስቶ የተገኘው ትርፍ ወረቀት ዛሬ የሰብሳቢዎች ሀብት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ሁሉን አልተናገረም። ብርቱካኑን የለቀሙት የቻይና፣ የጃፓን፣ የሜክሲኮና የፊሊፒንስ ተወላጆች እጅ በወረቀቱ ላይ እምብዛም አይታይም።

የፍልስጤሟ ያፋ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የመረረ ነው። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ የመርከብ ጉዞ የሚችለውን ሻሙቲ የተባለውን ብርቱካን ያለሙት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ ዐረብ ገበሬዎች ናቸው። በ1948 አብዛኛው የከተማይቱ ዐረብ ነዋሪ ተፈናቀለ። «ያፋ» የሚለው ስም ግን በብርቱካኑ ላይ ቀርቶ ዓለምን መዞሩን ቀጠለ። ስሙ ኖረ፤ ባለቤቶቹ ተበተኑ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የቦታ ስም ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል። የሥዕል ተሰጥኦ ያላችሁ የወሎ ወጣቶች ሆይ! ለአካባቢያችሁ የፍራፍሬ ሣጥን አንድ ሥዕል ብትሞክሩ ምን ይመስላችኋል? የአርዲቦን ውኃና ተራራ ሣሉ፤ ቅርጫት የተሸከመችውን እናትና ጓሮውን የሚያጠጣውን አባትም አትርሱ። ሻጩም የአደራ ድርሻ አለበት። ያማረውን ከላይ ደርድሮ የበሰበሰውን ከሥር የሚደብቅ ከሆነ የሐይቁ ስም የማታለያ ሽፋን ይሆናል። ሥዕሉ ቃል ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀው በሣጥኑ ውስጥ ያለው ፍሬ ነው።