በሚዛን የማይወጣ ስንቅ

የተወደዳችሁ እኅቶቼና ልጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሻንጣና ስለ አንድ ወር ንባብ ነው። ሻንጣ ማሰናዳትን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ላስተምራችሁ ሳይሆን ጥፋቴን ልነግራችሁ እንደ ጀመርሁ ቍጠሩልኝ።

በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለአገልግሎት ወደ ቤሩት እንድሄድ ታዘዝሁ። የምቆየው አንድ ወር ነው። ለሥራ ወደ ውጭ ስወጣ የመጀመሪያዬ ስላልነበረ ዕቃ መሸከፍ አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። ከታች ጫማ፣ በላዩ ቀሚስና ካባ፣ ከዚያ በላይ መጻሕፍት አደረግሁ። ለሠላሳ ቀን ዘጠኝ መጻሕፍት መረጥሁ። እውነቱን ልንገራችሁና ዘጠኙንም አነባለሁ ብዬ አልነበረም። የማርፍበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ «እኚህ ካህን የተማሩ ናቸው» እንዲባልልኝም ጭምር ነው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የንስሐ ልጄ የሆኑ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ቤሩት ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ኪሎ ድርቆሽ በጥንቃቄ ቋጥረው ይዘዋል። «አባ፣ ጾሙ እየደረሰ ነው፤ ለልጄ ያድርሱልኝ» አሉኝ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና ነው። «እሺ» ብዬ ተቀበልሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ወጣ። ቲኬቴ የሚፈቅደው 23 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ 29 አለ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። አብዛኞቹ እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡም ነበሩባቸው። ሻንጣዬን መሬት ላይ ከፍቼ ተንበረከክሁ። እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ በርበሬው ነው። መዛኙም ሊረዳኝ ብሎ «አባ፣ በርበሬ እኮ እዚያም ይሸጣል» አለኝ። ቋጠሮውን አውጥቼ መሬት ላይ አኖርሁት።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ በዚያች ሰዓት የመጣብኝን ነገር ስሙ። እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ልብሳችን የበግ ለምድ ደበሎ፣ ሻንጣችን አኩፋዳ ነበር። ማታ ማታ ከየደጁ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እንላለን። አንድ እጃችን ላይ የውሻ መከላከያ ዱላ፣ በሌላው አኩፋዳችን አለ። የማናውቃቸው እናቶች ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው አኩፋዳችን ውስጥ ይጥሉልናል። አንዷም «የማን ልጅ ነህ?» ብላ የከለከለችኝ አላስታውስም። ዛሬ መጽሐፍ የምገልጥበት ዐይን በዚያ ቍራሽ የበራ ነው። ታዲያ የአንዲትን እናት ቋጠሮ መሬት ጥዬ መጽሐፍ ልሸከም ነውን?

አፈርሁ። በርበሬውን መለስሁና ዘጠኙንም መጻሕፍት አውጥቼ ሊሸኘኝ ለመጣው ዲያቆን ሰጠሁት። በእጄ የቀረችው በቆዳ ማኅደሯ ያለች ትንሿ ዳዊቴ ብቻ ሆነች። ማኅደር ማለት የመጽሐፍ ማደሪያ ማለት ነው፤ የቀደሙት አባቶቻችን መጽሐፋቸውን በእርሱ አድርገው በትከሻቸው አንግተው አገር ለአገር የሚዞሩበት ነበር። ዕቃ መሸከፍን ከእነርሱ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ሰልፍ መካከል አልንበረከክም ነበር።

ቤሩት ስደርስ መብራት የለም። አገሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በገባበት የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት የመንግሥቱ መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ሆኖ ነበር። ያረፍሁበት ቤት ጄኔሬተር ደግሞ ሌሊት ይጠፋል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ሰኞ ነበረች። እንደምታውቁት ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በጠቅላላው አሥራ አምስት ንጉሥ ይሆናል። ለየዕለቱም ተከፍሏል፤ የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። በጨለማ ተቀምጬ «ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝሁት ነው፤ መብራት ለምኔ?» ብዬ ጀመርሁ።

ስድስት ቦታ ላይ ተሰናከልሁ። አንዱን መዝሙር ከሌላው ጋር ደባልቄ ሌላ ዳዊት ደረስሁ ማለት ይቀላል። የኔታ ቢሰሙኝ አለንጋ ያነሡብኝ ነበር። ዘጠኝ መጽሐፍ ሊሸከም የነበረው ሰውዬ የመጀመሪያዋን መጽሐፉን ረስቷታል። ሲነጋ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሳትኋቸውን እየፈለግሁ አረምሁ። ከዚያ በኋላ የወሩ ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ ሌሊት በቃሌ፣ ጧት በዐይኔ።

በዚህ መካከል አንድ ዓርብ ወደ ቤሩት ብሔራዊ ሙዚየም ወሰዱኝ። እዚያ የአኪራም የሚባል የጥንት ንጉሥ የድንጋይ ሣጥን አለ። ሬሳው ያረፈበት ነው። ከጌታ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ እንደ ተጻፈበት ይነገራል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. በጁባይል ነው፤ ከቤሩት በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ግሪኮች ይህን ከተማ ቢብሎስ ይሉት ነበር፤ «ባይብል» የሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ ስያሜም ከዚሁ ቃል ጋር ይዛመዳል። በሣጥኑ ክዳን ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ፊደል የፊንቄ ፊደል ነው፤ ቍጥሩም 22 ነው። በዚያን ዕለት ጧት የዓርብን ዳዊት ስደግም መዝሙር 118 ደርሶኝ ነበር። እርሱም አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በ22 ፊደላት ስም የተከፈለ ነው። የእኛም ፊደል ከፊንቄው ጋር ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወጣ የሩቅ ዘመድ ነው። በባዕድ አገር የዘመዴን መቃብር ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ግን የሙዚየሙ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ሙዚየሙም ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ በከፈለው የጦር መስመር ላይ ወደቀ። በጊዜው ኃላፊ የነበሩት ሞሪስ ሸሃብ የሚባሉ ሰው ትንንሾቹን ዕቃዎች ከምድር ቤት አስገብተው በግንብ ዘጉባቸው። ሊነሡ የማይችሉትን ታላላቆቹን የድንጋይ ሥራዎች ደግሞ ባሉበት በሲሚንቶ አስለበጧቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሲሚንቶው ተሰብሮ ወጡ። «ይህ ሰው ዕቃ መሸከፍ ያውቃል» አልሁ በልቤ። ሊወሰድ የማይገባውን ነገር ማንም በማይደርስበት ስፍራ አኖረው።

የበርበሬውን ባለቤት ያገኘኋት በሦስተኛው እሑድ ነው። የምትወጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ስለሆነና አንዱ ስለ ታለፈባት ነው የዘገየችው። እስከዚያ ቋጠሮው ከእኔ ጋር አደረ፤ ካባዬም፣ የዳዊቴ ማኅደርም በርበሬ በርበሬ ሸተተ። በእነዚያ ቀናት ዶራ በሚባለው ሰፈር ሳልፍ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ተደርድሮ አይቼ «ያ መዛኝ እውነቱን ነበር» ብዬ ነበር። እርሷ ግን ቋጠሮውን ፈታ አንድ ጊዜ አሸተተችና «ኮረሪማ አብዝታበታለች፤ እማዬ ናት» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተናገረችም። እኔም ዝም አልሁ።

ዕንባዋን ከጠረገች በኋላ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። «አባ፣ እርስዎ ዳዊት ይደግማሉ፤ የእኔ ዳዊት ይኸው» ብላ ሣቀች። ከፍቼ አየሁት። በየገጹ የዓረብኛ ቃል በእኛ ፊደል ተጽፎ በጎኑ ትርጓሜው አለ። መክንሴ፣ መጥረጊያ። ጠንጀራ፣ ድስት። ምፍታሕ፣ ቍልፍ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት፤ በቀን ሦስት ቃል ትጽፋለች። ዝቅ ስል «ማይ፣ ውኃ» የሚል አገኘሁ። «ይህ እኮ ግእዝ ነው!» አልኋት። ማይ በግእዝም ውኃ ነው። ኢድ የሚሉት እጅ በግእዝ እድ ነው። ዐይን ዐይን ነው፤ ልሳን ልሳን ነው፤ ሞትም ሞት ነው። እርሷም በተራዋ አሣቀችኝ። በመጣች በሳምንቷ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ «ከልቤ ነው፣ ከልቤ» ስትል ማዳም ሰምታ ውሻ አስገባሽ ብላ ጓዳውን አስፈተሸቻት። ለካ በእነርሱ «ከልቢ» ማለት ውሻዬ ማለት ነው። «አይዞሽ፣ በግእዝም ውሻ ከልብ ነው» አልኋት።

«ይህ ደብተር ስንተኛሽ ነው?» ብላት ፊቷ ተለወጠ። የመጀመሪያው የለም አለች። ፊት የነበረችበት ቤት የአምስት ወር ደመወዟን ይዘውባት፣ ስልኳንም ነጥቀዋት ነበር። አንድ ምሽት ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ በዚያው ቀረች። ሻንጣዋ፣ ልብሷ፣ ደብተሯ፣ የእናቷ ነጠላ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። በነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቆማ ታክሲ አስቆመች። «ገንዘብ የለኝም፤ ስልክህን ስጠኝና አንዲት እኅቴ ዘንድ ልደውል» ብላ በዓረብኛ ነገረችው። የአንዲት ያገሯን ልጅ ቍጥር በቃሏ ይዛ ነበር። ሰውየው አስደወላት፤ ያለ ሒሳብም አደረሳት።

«አባ፣ ሻንጣዬን አስቀሩብኝ፤ ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ወጣ» አለችኝ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔ በቃሌ ያለውን ረስቼ ተገኝቻለሁና። ነገር ግን መጽሐፍም ይቀማል፣ ደብተርም ይጣላል። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሪ ልጄ፤ ጽፈሽ ያዢ፣ የጻፍሽውንም በቃልሽ ያዢ።

ከዚያ ወር ወዲህ ለጉዞ ስሰናዳ አስቀድሜ የምጠይቀው «ይህ ሁሉ ቢወሰድብኝ ምን ይቀረኛል?» ብዬ ነው። አንቺም ለመውጣት ወይም ቤት ለመቀየር ስትሰናጂ እንዲሁ ጠይቂ። የፓስፖርትሽንና የውልሽን ግልባጭ ለይተሽ አኑሪ፤ አንዱን ለቤተ ሰብሽ ላኪ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ የሐኪሙን ወረቀት አብረሽ ያዢ። ውልሽን ሳትፈርሚ የሚያነብልሽ ሰው ፈልገሽ አስነብቢ። ሁለት ስልክ ቍጥር ግን በወረቀትም በስልክም አትመኝው፤ በቃልሽ አጥኚው፤ የአንድ የቤተ ሰብሽን፣ የአንዲት በዚያው አገር ያለች ታማኝ እኅትሽን። ዳዊት እንደሚደገም ማታ ማታ ድገሚው።

ለንባብም አንድ ወር ስጪ። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ በቀን አምስት መዝሙር ያነበበች በወሩ መጨረሻ 150ውን ትፈጽማለች። ጊዜ የለኝም ካልሽ አንድ ብቻ አንብቢ፤ በአምስት ወር ታደርሺዋለሽ። ሦስት ቃል በቀን የጻፈች በወር ዘጠና ቃል አላት። ድስቱ እስኪፈላ፣ ልብሱ እስኪታጠብ ያለችው ጊዜ ትበቃለች። ንባብ የረሳሽ እንደሆነ አትፈሪ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስድስት ቦታ ተሰናክዬ ተመልሼ ተምሬአለሁ።

ልመለስ ስል ያች ልጅ ለእናቷ የምሰጠው ነገር ሰጠችኝ። ከደብተሯ የተቀደደ አንድ ገጽ ነው፤ በገዛ እጇ የጻፈችው ደብዳቤ። እናቲቱ ማንበብ ስለማይችሉ ካደረስሁላቸው በኋላ እኔው አነበብሁላቸው። የሚለውን አልነግራችሁም፤ የእነርሱ ነው። ሻንጣዬ ግን ስመለስ ሚዛን ላይ 14 ኪሎ ብቻ አለ።

እግዚአብሔር በወጣችሁበት ይጠብቃችሁ፤ በሰላምም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።