ዓሣ አራጅ አያሻውም

መካነ ሰላም ተቀምጦ የባሕር ምግብ ያማረው ሰው አስቀድሞ ካርታ ይመልከት። በምዕራብ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በምሥራቅ እስከ አቀስታ፣ ከአቀስታም እስከ ደሴ ደጋ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዓሰብ። ዓሰብም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ወደብ ነው። እናም የቦረና ሰው (መካነ ሰላም ያለችበት የወሎው ቦረና ማለቴ ነው፤ ይህን ስናስረዳ ዕድሜያችን ሊያልቅ ነው) ባሕርን የሚያውቀው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሰርዲንና ቱና ሆኖ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ።

ቢሆንም በእኛ ግቢ የዓሣ ስፕሪንግ ሮል ይጠበሳል። ቀጭን ቂጣ በዓሣና በጎመን ተሞልቶ፣ ተጠቅሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲነከስ ቀጭ የሚል ነገር ነው። ለቡና ቁርስ ይቀርባል። ቆሎ የለመደ አፍ መጀመሪያ ትንሽ ግር ይለዋል፤ አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ግን ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ቻይናዎች ያመጡት ነዋ!» መልሱ ለጆሮ ይጥማል። ቻይናዎች ለወሎ እንግዳ አይደሉም፤ የወልዲያ ወረታን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህም ቻይናዊ ያልቆመበትን የመንገድ ሥራ መፈለግ አድካሚ ነው። እኔ ግን አላምንም። የመንገድ ሠራተኛ ካምፕ አጥር አለው፣ ወጥ ቤቱም የራሱ ነው። ቻይናዎቹ አስፋልቱን ትተውልን ሄዱ እንጂ ድስታቸውን ከፍተው አላሳዩንም።

ሮሉ የገባው በጂዳ በኩል ነው። ያስገባችውም የአክስቴ ልጅ ናት።

ከእኛ አገር ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የአክስቴ ልጅም እንደ ብዙዎቹ የወሎ ሴቶች ልጅነቷን ሳትጨርስ ሄደች። የተቀጠረችበት ቤት ሰፊ ስለነበር ማዕድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም፤ አንዲት ፊሊፒናዊት አብራት ትሠራ ነበር። ሁለቱ የሚግባቡት በተሰባበረ ዓረብኛና በእጅ ምልክት ነው። ረመዳን ሲገባ ማዕድ ቤቱ እሳት ይሆናል። የሳዑዲ ቤት ያለ ሳምቡሳ አያፈጥርም፤ እሱን የሚሠሩት ደግሞ ራሳቸው ጾመኞች የሆኑም ያልሆኑም የሰው አገር ሴቶች ናቸው። ፊሊፒናዊቷ ከሳምቡሳው ጎን ለጎን የአገሯን ሮል፣ ሉምፒያ፣ ትጠቀልል ነበር። እመቤቲቱ ወደደችው፤ የጂዳ ሽሪምፕ፣ እነሱ ሩቢያን የሚሉት፣ ይግባበት አለች። የአክስቴ ልጅ የተማረችው እንዲህ ነው፤ ትምህርቱን ያስተማራትም አልነበረም፣ አይታ ነው የቀማችው።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ መኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እሷም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሻንጣዋ እዚያው ቀረ። የእጅ ሙያ ግን ኤርፖርት ላይ አይፈተሽም።

ታዲያ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስጎትተው እውነትም ቻይና ያደርሰኛል፤ ግን ስንት አገር አዙሮ! ቻይናዎች የጸደይን መግቢያ ትኩስ ቅጠላ ቅጠል በስስ ቂጣ ጠቅልለው በመብላት የማክበር ጥንታዊ ልማድ አላቸው። ክረምቱን ሙሉ የደረቀ ነገር ሲያኝኩ ከርመው አረንጓዴ ሲያዩ የሚያደርጉት ነው፤ መስከረም ላይ እሸት ያየ ሰው ደስታቸው ይገባዋል። ያ ነገር ቆይቶ ዘይት ውስጥ ገባ። የፉጂያን ነጋዴዎች በመርከብ ወደ ፊሊፒንስና ወደ ኢንዶኔዥያ ይዘውት ሄዱ፣ ሉምፒያ ሆነ። ቬትናሞች በሩዝ ቂጣ ጠቀለሉት፤ ሽሪምፕና ክራብ ሞሉበት። ከፊሊፒንስ በቤት ሠራተኛ እጅ ጂዳ ገባ፤ ከጂዳም በቤት ሠራተኛ እጅ መካነ ሰላም። ነጋዴው በታሪክ መጽሐፍ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ሁለቱ ሴቶች የግርጌ ማስታወሻም አላገኙ።

እናቴ ግን ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም አልገባትም። ገና የመጀመሪያውን ስታይ «ሳምቡሳ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» አለች። አነጋገሯ ከንቀት የመጣ ቢሆንም ተሸንፌ የሳምቡሳን ዘር መቁጠር ጀመርኩ።

ሳምቡሳ ትልቅ ቤተሰብ ያለው ባላባት ነው። በዘጠነኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የነበረው ሙዚቀኛና ገጣሚ ኢስሐቅ አል-መውሲሊ ስለ ሰንቡሰጅ ግጥም ጽፏል፤ በከሊፋ ፊት መነበቡንም ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ መዝግቦልናል። (ገጣሚ ምግብ ሲያወድስ ሁልጊዜ አበል ያልተከፈለው ይመስለኛል።) ተጓዡ ኢብን ባጡታ በ14ኛው መቶ ዘመን ዴልሂ ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዘንድ ሲጋበዝ፣ የተከተፈ ሥጋ ከአልሞንድና ከፒስታቺዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ ተጠብሶ ቀረበለት። ይህ ሰው ወደ እኛም ጥግ መጥቶ ነበር፤ ዘይላዕ ወደብ ወርዷል። ከዘይላዕ የጻፈልን ግን ሳምቡሳ አይደለም። የዓሣው ብዛትና መንገድ ላይ የሚታረደው ግመል ደም ከተማዋን ስላገማት፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን እንደመረጠ ነው። እንግዲህ ኢብን ባጡታ ከእኛ ጥግ ዓሣ ጋር የተዋወቀው በክፉ ሽታ ነው ማለት ነው።

ሳምቡሳ ወደ ደጋው የወጣበትን በር ስገምት ቀይ ባሕርንና የዓረብ ነጋዴን ነው የምጠረጥረው። በየከተማው የዓረብ ሱቅ ነበር፤ ከስኳርና ከአቡጀዲ ጋር ብዙ ነገር ገብቷል። ደጋ ሲደርስ ሥጋውን ጥሎ ምስር ለበሰ። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ምስር ለዓርብም ለረቡዕም፣ ለሑዳዴም ለረመዳንም ይሆናል።

ወደ ምድጃው ልመለስ። በጂዳ ቂጣው ከፍሪጅ ይወጣል፤ በመካነ ሰላም ከምጣድ ነው። የስንዴ ዱቄት በውሃና በቁንጥር ጨው ይበጠበጣል፣ ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ብሎ። የአክስቴ ልጅ ከቀለም መሸጫ አዲስ ብሩሽ ገዝታ፣ አጥባ፣ ለብ ያለውን ምጣድ በሊጥ ትቀባዋለች፤ ጠርዙ ብድግ ሲል በጣቷ ጫፍ ትልጠዋለች። እናቴ ብሩሹን ስታይ «ምጣዱን ቀለም ልትቀቢው ነው?» አለች። ከዚያ አንዱን ቂጣ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። በማዶ ሰው ይታያል። «ዓይን የለውም እኮ ልጄ!» ዓይን ያላወጣ እንጀራ ያቀረበች ሴት በእኛ አገር የሚደርስባትን ሐሜት ሁለቱም ያውቁታል፤ ተሳሳቁ። ሁለተኛውን ምጣድ ግን እናቴ ራሷ ነው የቀባችው፤ ሃምሳ ዓመት እንጀራ ያዞረ እጅ ብሩሽ አይከብደውም።

ውስጡ የሚገባው ጥቅል ጎመንና ካሮት እንደ ክር ይከተፋል፣ ጨው ተነስንሶበት ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ በሁለት እጅ ይጨመቃል። ቱናው ተንጠፍጥፎ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያም ገብቶበት ለአፍታ ይቁላላና ይቀዘቅዛል። ትኩስ ሆኖ ከተጠቀለለ ቂጣው ላብ ይዞት ይልፈሰፈሳል። ሮል ቀጭ የሚለው ከቂጣው እርጥበት ወጥቶ ሲያልቅ ነው፤ ሆዱ ውሃ ካዘለ እንፋሎቱ ቂጣውን ከውስጥ ያርሰዋል፣ ሲብስም ቀዶ ዘይቱን ያንጣጣዋል። ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ጫፉን በወፈረ የዱቄት ብጥብጥ መለጠፍ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አንድ ነገር ግን የአክስቴን ልጅ አስቸገራት። በጂዳ እሳት የምታውቀው ጥብስ እዚህ ላዩ እየጠቆረ ውስጡ ለብ ብሎ ይቀር ጀመር። ዘይቱን ረገመች፣ የሚረጋ ዘይት ነው ብላ በኑግ ቀየረችው፤ ያው ሆነ። ጥፋቱ የከፍታው ነው። ጂዳ ባሕር ዳርቻ ናት፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ገና 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ሮሉ ሆድ ውስጥ ያለው እርጥበት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ስለዚህ ውስጡ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ላዩ ግን በዘይቱ ሙቀት ይሮጣል። ደጋ ላይ ምስር ድስት ላይ የሚያረፍደውም በዚሁ ነው። መፍትሔው እሳቱን መቀነስ ነው፤ በ180 ዲግሪ ይጠበስ የነበረው ወደ 165 ዝቅ ብሎ ትንሽ ይቆያል። ቴርሞሜትር የለንም። የቂጣ ቅራፊ ጣል ይደረጋል፤ ወዲያው ተንጫጭቶ ከጠቆረ ዘይቱ ከልክ በላይ ግሏል፣ እሳት ይቀነስ፤ ዙሪያውን ቀስ ብሎ አረፋ ከደፈቀ ደርሷል። አንዴ ነጣ እንዳለ ይወጣል፣ ይተነፍሳል፣ እንግዳው ሲቀመጥ ደግሞ ተመልሶ ይገባል።

የሮሉ ትልቁ ሙያ ግን ጥብሱ አይደለም። ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ አጥር ይኖራል፣ ይጋባል፣ በአንድ ረከቦት ቡና ይጠጣል፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ሰሃኑ ሁለት ይሆናል። ሠርግ ሲደገስ ለየወገኑ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ጭልፋውም ይለያያል። እንግዳ የሚጠራ ሰው ከጥሪው በፊት አራጅ ያስባል። ዓሣ አራጅ አያሻውም። በእስልምናው ዓሣ ሳይታረድ ሐላል ነው፤ በክርስትናውም ማን አወጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤታችን እትዬ፣ ሐጅ ያደረጉ ሴት፣ ከእናቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲጎራረሱ ሥጋ ተሻግሮ አያውቅም። ሮሉን ግን ከአንድ ሰሃን በሉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ልቧ ሽሪምፕ ላይ ነው። አዲስ አበባ በረዶ ሆኖ ይገኛል እያለች ትመኛለች። ቢገኝ የባሰ ጣጣ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ከልክሏል፤ እናቴ ደግሞ ኦሪትን አጥብቃ ትይዛለች። በአምባዛ እንኳ ቅርፊት የለውም ብሎ የሚጨቃጨቅ አገር ነው። ከእትዬም በኩል ሻፊዒው ይፈቅዳል፣ ሐነፊው ይከራከራል፤ ወሎ ደግሞ ሁለቱም መዝሀብ አለ። የቱና ጥቅሙ ቆርቆሮ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ቅርፊቱን ያየ ስለሌለ ጉባኤ አያስጠራም።

ሹፌር ሲሳካለት ከሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይመጣል። እሱም መጤ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ሐይቅ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያለበት፣ ቆሮሶ የተለቀቀበት በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ ውሃው እጅግ የጠራ ነበር፤ አጥኚዎች አረንጓዴ መልበሱን ከዓሣው መግባት ጋር ያያይዙታል። እኔ ግን ዓሣውን ስበላ ስለ ውሃው አላስብም፤ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፣ ከቱናው ይበልጥብኛል።

አሁን የአክስቴ ልጅ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ አካባቢ ጥብስ ትሸጣለች። ሑዳዴ ሲገባ የዓሣው ገበያ ቀዘቀዘ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር በባዶ ሆዱ የሚጀምር ተማሪ የለም። የቱና ዋጋም አልቀመስ አለ። ስለዚህ ከቻይና ተነስቶ፣ ፊሊፒንስንና ጂዳን ዞሮ የመጣውን ሮል ምስር ሞላችው። ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንብላል። ባለፈው ስጠይቃት ከዓሣው ሦስት እጥፍ ይሸጣል አለችኝ።

እኔ ቆሜ አንድ ተማሪ ገመጠውና አኘከ፣ አኘከና «እቴ፣ ይሄ እኮ ሳምቡሳ ነው» አላት።

«ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ነው» አለችው ዘይቱን እያማሰለች። «ይሄ ሮል ነው። አምስት ብር ይጨምራል።»